በቮልስ ሩቅ መንገድ ስወጣ የምይዛቸው ዕቃዎች

አባቴ የመንገድ ቀያሽ ነበር። ቮልሷን በ1964 ዓ.ም. አዲስ ሆና ነው የገዛት። ባለ 1300 ሞተር ናት። ቀለሟ ቡላ ስለሚመስል ስሟም ቤታችን ውስጥ "ቡላ" ሆኖ ቀረ። ዛሬ የኔ ናት። በየቀኑ ሥራ እሄድባታለሁ። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ደግሞ ከአዲስ አበባ ይዣት እወጣለሁ።

ልወጣ ስል ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ "ብትቆምብሽስ?" ትቆማለች። ከሃምሳ ዓመት በላይ የሠራች መኪና አንዳንዴ መንገድ ላይ ትቆማለች። እኔ የምዘጋጀው እዚያው ጠግኜ ለመሄድ ነው። ለዚህም ከኋላ ወንበር ጀርባ አንድ የብረት ሳጥን አለኝ። ውስጡ ምን እንዳለና ለምን እንዳለ ልንገራችሁ። ቮልስ ለያዘ ሰው በቀጥታ ይጠቅመዋል። ሌላ አሮጌ መኪና የያዘም ሐሳቡን ወስዶ በራሱ መኪና ልክ ሊያደርገው ይችላል።

መጀመሪያ ግን ሳጥኑ እንዲህ ከመደራጀቱ በፊት የደረሰብኝን ልናገር። በ2005 ዓ.ም. ከእናቴ ጋር ወደ ደብረ ማርቆስ እየሄድን ነበር። ጎሃ ጽዮንን አልፈን ዓባይ በረሃ ወረድን። ድልድዩን ተሻግረን የደጀንን ዳገት ስንጀምር ሞተሩ ካለበት ከኋላ "ጧ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ባትሪ የሚሞላው የዲናሞ ቀይ መብራት በራ። ወዲያው ዳር ይዤ አጠፋኋት። ቺንጋው፣ ማለት ዲናሞውን የሚያዞረው የላስቲክ ቀበቶ፣ ተበጥሶ ነበር። አልደነገጥኩም፤ ከወረቀቱ ያልወጣ አዲስ ቺንጋ ይዣለሁ። ሁለት ወር ቀደም ብሎ "የቮልስ ነው" ተብሎ የተሸጠልኝ። ልገጥመው ስል ረጅም ሆነ። የማጥበቂያ ሮንዴላዎቹን በሙሉ ከመሃል ባወጣም እንደ ላላ ቀረ። ፀሐዩ ያቃጥላል፤ እናቴ ጃንጥላ ይዛ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። በመጨረሻ አንድ የአይሱዙ ሾፌር ጎትቶ ደጀን አደረሰን። ትክክለኛው ቺንጋ በማግስቱ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣልን።

ከዚያ ወዲህ ሕጌ አንድ ነው። መኪናዋ ላይ ተገጥሞ ያልሠራ ዕቃ ሳጥኔ ውስጥ አይገባም። አዲስ ቺንጋ ስገዛ እሱን እገጥምና ጥቂት ሳምንት እነዳበታለሁ። ያልተሰነጠቀው፣ ሥራው የታወቀው አሮጌው ነው ወደ ሳጥኑ የሚገባው። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የሚሠሩልኝ አረጋዊው መካኒክ ይህን ሲሰሙ፣ "አዲሱን ግጠሚ፣ የምታውቂውን ተሸከሚ፤ እኛም ድሮ እንዲሁ ነበር የምናደርገው" አሉኝ። ሌላው ደግሞ ዕቃውን እኔው ራሴ ቢያንስ አንድ ጊዜ ቤት ፈትቼ የገጠምኩት መሆን አለበት። ይህን ስታደርጉ የትኛው ቁልፍ እንደሚጎድላችሁ ግቢያችሁ ውስጥ ሆናችሁ ታውቁታላችሁ።

ቺንጋ

ከሁሉም በፊት ቺንጋ። ውሃ የሚያበርደው መኪና ያላችሁ ሰዎች የቮልስን ቺንጋ አቅልላችሁ እንዳታዩት። ቮልስ ራዲያተር የላትም። ሞተሯን የሚያበርደው ነፋስ ነው፤ ነፋሱን የሚገፋው ፋን ደግሞ በዲናሞው ዘንግ ጫፍ ላይ ነው የታሰረው። ያንን የሚያዞረው ያ አንድ ቺንጋ ብቻ ነው። ስለዚህ ቺንጋ ሲበጠስ ባትሪ መሙላቱም ሞተር ማብረዱም አብረው ይቆማሉ። ቀዩ መብራት እየነዳችሁ ከበራ "እስከሚቀጥለው ከተማ ልድረስ" ማለት የለም። እዚያው ቁሙ፣ አጥፉ፣ ወርዳችሁ እዩ። ቺንጋው በቦታው ካለና ጠበቅ ካለ ችግሩ የኤሌትሪክ ነው፤ በቀን ብርሃን ቀስ ብሎ መሄድ ይቻላል። ቺንጋው ከሌለ ግን አንድ ኪሎ ሜትርም አትሂዱ።

የኔ ቺንጋ 9.5 በ905 ነው። የናንተን ከአሮጌው ጀርባ ላይ አንብቡ። "የቮልስ ነው" የሚለው ቃል ብቻ አይበቃም፤ ቁጥሩን እዩ።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው። ቁልፉን ከማብሪያው አውጡ። ሞተሩ በጣም ከጋለ ትንሽ ጠብቁ፣ እጅ ያቃጥላል። የዲናሞው ፑሊ (ቺንጋው የሚዞርበት ክብ ብረት) የውስጠኛው ግማሽ ጠርዝ ላይ ጎድጎድ ያለች ቦታ አለች። ጠንካራ ካቻቢቴ እዚያ አስገብታችሁ ጫፉን ከዲናሞው የላይኛው ቡሎን ጋር አስደግፉት፤ ፑሊው መዞሩን ያቆማል። በ21 ቁልፍ ዳዶውን ፍቱ። የፑሊው ውጫዊ ግማሽ ይወጣል፤ መሃሉ ላይ ስስ ሮንዴላዎች አሉ። ቺንጋው የሚጠብቀውና የሚላላው በእነሱ ነው። ከመሃል ሮንዴላ ስትቀንሱ ይጠብቃል፣ ስትጨምሩ ይላላል። ከመሃል ያወጣችሁትን አትጣሉት፤ ከውጪ በኩል፣ ከዳዶው ሥር አድርጋችሁ እዚያው እሰሩት። ያኔ መቼም አይጠፋባችሁም። ዳዶውን ስታጠብቁ ሞተሩን በእጅ ትንሽ ትንሽ አዙሩት፤ አለዚያ ቺንጋው በሁለቱ ግማሾች መሃል ይነከሳል። ስትጨርሱ መሃሉን በአውራ ጣት ጫን በሉት። ወደ 15 ሚሊ ሜትር ያህል ገባ ካለ ልክ ነው። በጣም የጠበቀ ቺንጋ የዲናሞውን ኩሽኔታ ይጨርሳል። አዲስ ቺንጋ ደግሞ ስለሚለጠጥ ትንሽ ከተነዳ በኋላ እንደገና እዩት።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው አንድ የ21 ቁልፍና አንድ ካቻቢቴ ብቻ ነው። እኔ አሁን በሩብ ሰዓት እጨርሰዋለሁ።

እሳት የሚሰጠው ክፍል

ቮልስ ቀጥ ብላ ከቆመች ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ እሳቱን ለካንዴላዎቹ ከሚያከፋፍለው ከዲስትሪቢዩተሩ አካባቢ ነው። የምይዘው አንድ ፑንቲና (እየተከፈተና እየተዘጋ እሳቱን የሚያስነሳው)፣ አንድ ኮንደንሰር፣ አንድ ሮተር፣ አንድ የዲስትሪቢዩተር ክዳንና ሁለት ካንዴላ ነው። ሁሉም መኪናዋ ላይ ሠርተው የወረዱ ናቸው። የባትሪውን ኤሌትሪክ ወደ ብርቱ እሳት የሚቀይረው ቦቢናም አለኝ፤ ከአባቴ ዘመን የቀረ፣ እስካሁን የሚሠራ።

ከእነዚህ ሁሉ ትንሿና ክፉዋ ኮንደንሰር ናት። አውራ ጣት የማታክል ነገር ናት። ስትታመም ጠባይዋ ግራ ያጋባል። መኪናዋ በብርድ ጊዜ ደህና ትነሳለች፤ ሞተሩ ሲግል ትንቀጠቀጥና ትጠፋለች። ሃያ ደቂቃ ስታርፍ ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። ብዙ ሰው ያኔ ቤንዚኑን ይጠረጥርና ካርቡሬተሩን መፍታት ይጀምራል። ካርቡሬተር መንገድ ዳር አይፈታም! መጀመሪያ እሳቱን እዩ። ከቦቢናው ወደ ዲስትሪቢዩተሩ የሚሄደውን ወፍራም ሽቦ ከክዳኑ ንቀሉት። እጀታው ፕላስቲክ በሆነ ፒንሳ ያዙና ጫፉን ከሞተሩ ብረት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል አርቁት። ሌላ ሰው ሞተሪኖውን (ሞተር ማስነሻውን) ያዙርላችሁ። ሰማያዊና ወፍራም ብልጭታ ከታየ ቦቢናውና ኮንደንሰሩ ደህና ናቸው፤ ወደ ክዳኑ፣ ወደ ሮተሩ ወይ ወደ ቤንዚኑ ሂዱ። ቢጫና ቀጭን ከሆነ ኮንደንሰሩን ቀይሩ። ምንም ከሌለ ፑንቲናው እየተከፈተ እንደሆነ እዩ። ይህን ሁሉ ስታደርጉ አካባቢው ላይ የፈሰሰ ቤንዚን አለመኖሩን አረጋግጡ።

የፑንቲናው ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ክፍተት መለኪያ ሳጥኔ ውስጥ አለ። የሌለው ሰው የክብሪት ቀፎ ካርቶን ይጠቀማል፤ ቤት እስኪደርስ ያህል ያገለግላል። አንድ ቁራጭ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀትም ያዙ፤ የተቃጠለ የፑንቲና ፊት ትንሽ ሲጠረግ ብዙ ጊዜ ይነሳል።

ካንዴላ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ስለዚህ ትንሽ የሽቦ ብሩሽ ይዣለሁ። ካንዴላ መፍቻውን ደግሞ ውስጡ ላስቲክ ያለው ግዙ። የሦስተኛው ሲሊንደር ካንዴላ የተደበቀ ቦታ ስለሆነ ላስቲክ ከሌለው እዚያ ውስጥ ይወድቅባችኋል።

ቤንዚንና ቃጠሎ

ይህን ክፍል እባካችሁ በጥሞና አንብቡት። በከተማችን ሲቃጠል ካየኋቸው ቮልሶች ሁለቱ ከኋላ ነው የጀመሩት። የቤንዚን ላስቲክ ያረጃል፣ ይሰነጠቃል። የሚንጠባጠበው ደግሞ እንደ እሳት በጋለ ሞተር ላይ ነው። የቮልስ የሞተር አካል የማግኒዚየም ቅይጥ ነው፤ አንዴ ከያዘው ለማጥፋት ከባድ ነው።

አንድ ሜትር የ5 ሚሊ ሜትር የቤንዚን ላስቲክ፣ አራት ፋሼታ (የላስቲክ ማሰሪያ ቀለበት) እና አንድ ፊልትሮ እይዛለሁ። ላስቲኩን በየሁለት ዓመቱ እቀይራለሁ፤ ያላረጀ ቢመስልም። ከመውጣቴ በፊት የምፈትሸው ሌላ ነገር ካርቡሬተሩ ላይ ቤንዚን የሚገባባትን የነሐስ ቱቦ ነው። ተጭና ብቻ ነው የገባችው፤ ከጊዜ ብዛት ትላላለች። በእጃችሁ ነቅነቅ አድርጓት። ከተነቃነቀች ሩቅ መንገድ አትውጡ፤ ጋራዥ ውሰዷት።

የእሳት ማጥፊያዬ ባለ ዱቄት ነው። የተቀመጠው ከሾፌሩ አጠገብ፣ ከጎን ወንበሩ እግር ሥር ነው። ከኋላም ከፊት ኮፈን ውስጥም አይደለም። በሩን ከፍቼ ስወርድ አብሮኝ ይወርዳል። የሞተሩን ኮፈን በአንዴ ብድግ አድርጋችሁ አትክፈቱ፤ አየር ሲገባ እሳቱ ይነሳል። ትንሽ ገርበብ አድርጋችሁ በዚያ በኩል ርጩ።

ሚኒሞ (ጋዝ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት) አልይዝ ብላ የትራፊክ መብራት ላይ በቆማችሁ ቁጥር የምትጠፋ ከሆነ፣ ምንም ከመፍታታችሁ በፊት ካርቡሬተሩ ጎን ላይ ያለችውን አንዲት ሽቦ እዩ። የሚኒሞውን ቤንዚን የምትከፍተው በኤሌትሪክ ነው። በንዝረት ትወልቃለች። ሰካ አድርጓትና ቀጥሉ።

ካቦ

ሁለት ካቦ ጠቅልዬ ይዣለሁ፤ የነዳጅ (የጋዝ መርገጫው) እና የፍሪሲዮን (ማርሽ ስንቀይር የምንረግጠው)። የነዳጁን ካቦ መንገድ ላይ መቀየር ይቻላል። ካርቡሬተሩ ጋ ጫፉን የምትይዘውን ትንሽ የብረት በርሜልና ቪቴዋን ግን ተጨማሪ ያዙ። ወድቃ ሣር ውስጥ ከገባች አትገኝም። ካቦ ከሌላችሁ የሚኒሞ ቪቴውን አስጠብቃችሁ ሞተሩ በራሱ ፈጠን እንዲል ማድረግና ቀስ ብሎ እስከ ከተማ መሄድ ይቻላል።

የፍሪሲዮን ካቦን መንገድ ዳር መግጠም አድካሚ ነው። ግን ሲበጠስ መንዳት አይቆምም። ሞተሩን አጥፉ፣ አንደኛ ማርሽ አስገቡ፣ ሞተሪኖውን አዙሩ፤ እየሄደች ትነሳለች። ከዚያ በኋላ ጋዙን ለቀቅ እያደረጋችሁ፣ ሳትቸኩሉ፣ ማርሹን በለሆሳስ ወደ ሁለተኛ። ይህን ሰው በሌለበት ሜዳ ተለማመዱት። እኔ ከሞጆ እስከ ቃሊቲ በዚህ ገብቻለሁ፤ መንገዱ ባዶ የሆነበት እሑድ ማለዳ ነበር።

ጎማ

ስኮርት ጎማ ሁሉም ሰው ይይዛል፤ ነፋስ ያለው ግን ጥቂቱ ነው። ቮልስ ላይ ደግሞ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የመስታወት ማጠቢያው ውሃ የሚረጨው በስኮርት ጎማው ነፋስ ነው! በቀጭን ቱቦ ከጎማው ጋር ተገናኝቷል። መስታወት ባጠባችሁ ቁጥር ስኮርቱ ይጎድላል። መቆጣጠሪያው ጤነኛ ከሆነ ጎማው ሙሉ በሙሉ ከመውረዱ በፊት ይዘጋዋል። ካረጀ ግን ባዶ ጎማ ታገኛላችሁ። የኔን ነቅዬዋለሁ፤ ማጠቢያዬ አሁን በእጅ የሚነፋ ነው።

ክሪኩ የሚገባበት ከበሩ ሥር ያለው ባለ አራት ማዕዘን ማስገቢያ ብዙ ቮልሶች ላይ በዝገት ተበልቷል። ቤት አንድ ጊዜ አንሱበትና እዩ። የማታምኑት ከሆነ ትንሽ የዘይት ክሪክ ያዙ፤ ከሥሩ የሚገባ አንድ ወፍራም ጣውላም። በክረምት ጭቃ ላይ ጣውላ ከሌለ ክሪኩ መሬት ይገባል እንጂ መኪና አያነሳም። ሁለት ታኮ አይረሳ። የቸርኬው ቡሎኖች የ19 ቁልፍ ናቸው። ጎሚስታ በማሽን ያጠበቃቸውን ቡሎን ለመፍታት ረጅም እጀታ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ግማሽ ሜትር ቱቦ ብረት አለኝ።

የቀረው

ቁልፎች፦ 8፣ 10፣ 13፣ 14፣ 17፣ 19፣ 21። ቮልስ ከዚህ ብዙ አትጠይቅም። ሁለት ካቻቢቴ ጠፍጣፋ፣ አንድ መስቀል፣ ፒንሳ፣ ትንሽ መዶሻ፣ ለስላሳ ሽቦ፣ ናስትሮ፣ ባለ 8 እና ባለ 16 አምፔር ፊውዝ፣ አንድ የፊት መብራት አምፖል። ከሁለት ሽቦ ጋር የተበየደች ባለ 12 ቮልት ትንሽ አምፖልም አለች፤ ኤሌትሪክ የት እንደቀረ የምታሳየኝ እሷ ናት።

አንድ ሊትር ዘይት። የቮልስ ሞተር የሚይዘው 2.5 ሊትር ብቻ ስለሆነ ግማሽ ሊትር ሲጎድል ብዙ ነው። ዘይቱ ደግሞ ሞተሩን ከነፋሱ ጋር አብሮ ያበርዳል። ቤንዚን በሞላሁ ቁጥር ዘይት እለካለሁ።

ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። የወንበሩ ስፕሪንግ ሲያረጅ ይወርድና የባትሪውን ጫፍ ይነካል፤ ከባድ ሰው ሲቀመጥ ብልጭ ይልና ወንበሩ ይቃጠላል። ባትሪው ላይ ወፍራም ላስቲክ ወይም ክዳን ሳታደርጉ ሰው ኋላ አታስቀምጡ። እናቴ እዚያ ነው የምትቀመጠው።

የማልይዘውን ልንገራችሁ። የኋላ ጎማ አክሰል ዳዶ መፍቻ፣ ባለ 36፣ አልይዝም። እሱን የሚያስፈታ ብልሽት ጋራዥ የሚሄድ ብልሽት ነው። የጓርኒሲዮን ሙሉ ስብስብ፣ የፍሪሲዮን ዲስክ፣ ሁለተኛ ዲናሞ የሚጭኑ ሰዎች አውቃለሁ። ክብደቱ ዳገት ላይ ይቆጠራል። የዲናሞው ገንዘብ ለመጎተቻ ቢቀመጥ ይሻላል። ጠንካራ የመጎተቻ ገመድ ግን አለኝ፤ ከደጀኑ ቀን ወዲህ አልተለየኝም።

ቁልፎችን ከፊት ኮፈን ሥር አታስቀምጡ። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያሉት ሽቦዎችና የፊውዝ ጫፎች እዚያ ናቸው፤ የሚሸፍናቸው ካርቶን ብቻ ነው። እኔ በብዙ መኪና ላይ እንዳየሁት ካርቶኑም የለም። በጉድጓድ የዘለለ ቁልፍ እዚያ ከወደቀ ሽቦ ያቃጥላል። የኔ ሁሉ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከኋላ ወንበር ጀርባ ነው። ጓንት፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ አምስት ሊትር ውሃና ጋቢ እዚያው አሉ። ባለ ሦስት ማዕዘን አንጸባራቂው ከላይ ነው፣ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ስለሆነ። አገራችን ላይ ሰው ሲቆም ቅጠልና ድንጋይ መንገድ ላይ ይደረድራል። ካደረጋችሁ፣ ስትነሱ ድንጋዩን አንሱ። ማታ የሚመጣ ሰው አያየውም።

ዕቃ የምገዛው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነው። ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ስትመረት ስለቆየች መለዋወጫዋ ዛሬም ይገኛል። ጥራቱ ግን ይለያያል። አሮጌውን ዕቃ በእጄ ይዤ እሄዳለሁ፤ ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳላይ አልከፍልም። በተለይ ሮተር ስትገዙ የመሃሏ መዳብ መነቃነቅ የለበትም።

የሳጥኑ ክዳን ውስጥ አባቴ በእጁ የጻፈው ዝርዝር አለ፤ ቀለሙ ደብዝዟል። ከሥሩ የኔን ለጥፌያለሁ። ከጉዞ በተመለስኩ ማታ፣ ሻንጣ ሳላወርድ፣ የተጠቀምኩትን ከዝርዝሩ ላይ አከብበዋለሁ። ባለፈው ከሐዋሳ ስመለስ አንድ ፋሼታና አንድ ባለ 8 ፊውዝ ተከበበ። ቅዳሜ መርካቶ ሄጄ ገዛኋቸው። ፋሼታውን ቡላ ላይ አሰርኩት፣ ከላይዋ የፈታሁትን ሳጥኑ ውስጥ አስገባሁት።